ታይፒስቴ ጸሐፊ የሆነችበት ዓመት

በየካ ክፍለ ከተማ አቤቱታ መጻፍ የሚያውቁትን ሰዎች ቁጠሩ ቢባል መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢናገርልኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ይህን በደንብ ያውቁ የነበሩት አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ስለዚህ ራሴ እናገራለሁ። ትምህርት ቤት የተቀመጥሁት አራት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ አስተማሪዬም ተማሪውም እኔው ነኝ። በወጣትነቴ በአንድ ጠበቃ ቢሮ ተላላኪ ነበርሁ። መዝገብ ተሸክሜ ከቢሮ ወደ ፍርድ ቤት ስመላለስ መንገድ ላይ ቆሜ የያዝሁትን አነባለሁ። ጠበቃው ምን ብሎ እንደ ጀመረ፣ ተቃዋሚው የት ላይ እንደ ተሰናከለ፣ ዳኛው የትኛዋን ዓረፍተ ነገር ይዘው እንደ ፈረዱ አያለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጄ ገልብጬዋለሁ። ደብተሮቹ ዛሬም አልጋዬ ሥር አሉ፤ ማንም ሰው መጥቶ ማየት ይችላል።

ከአርባ ዓመት በላይ ከፍርድ ቤት አጥር አጠገብ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ጽፌያለሁ። ዲግሪ ያላቸው ጠበቆች ብቅ ብለው «ጋሼ፣ ይህቺን አንቀጽ እስቲ ይዩልኝ» ይሉኝ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ዳኛ በችሎት መካከል አቤቱታዬን ከፍ አድርገው «ይህን የጻፈው ማነው?» ብለው ጠይቀዋል። በቦታው ባልኖርም ሦስት ሰዎች ነግረውኛል፤ ሦስቱም የተናገሩት አንድ ዓይነት ነው።

አንድ ሥርዓት አለኝ። ባለጉዳዩ ከመፈረሙ በፊት የጻፍሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። በክስ ማመልከቻ መጨረሻ ላይ «ከላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩ የሚፈርመው ባለጉዳዩ እንጂ ጸሐፊው አይደለም። ሰው ያልሰማውን ነገር እውነት ነው ብሎ እንዴት ይፈርማል? ስለዚህ ባለጉዳዩን ከአጠገቤ አስቀምጬ «ያላልኸውን ስትሰማ ጉልበቴን ምታ» እለዋለሁ። ስንት ሰው ጉልበቴን እንደ መታኝ ቁጥሩን አላውቀውም። አንዳንዱ የተከሳሹን ንዴት በእኔ ላይ የሚወጣ ይመስል አጥብቆ ይመታል።

የምጽፈው በእጄ ነው። ፍርድ ቤት ግን በእጅ የተጻፈ አይቀበልም። ከክፍሌ ጎን «ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለች አንዲት ሴት አለች። ከሲ.ኤም.ሲ በጠዋት በሚኒባስ ትመጣለች፤ ቁምነገረኛ ናት፤ ሳቋ ግን ቅርብ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔን የእጅ ጽሑፍ ተይባለች። እኔ ጸሐፊ፣ እሷ ታይፒስት። ሁለታችንም በዚህ ደስተኞች ነበርን፤ ቢያንስ እኔ ነበርሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ስልኳን ይዛ ወደ ክፍሌ ገባች።

«አባባ፣ እስቲ ይሞክሩት። ጉዳዩን ይንገሩት፤ አቤቱታ አድርጎ ይጽፍልዎታል።»

«ለማን ነው የምነግረው?»

«ለኤአይ።»

«የት ተምሮ ነው ሕግ የሚያውቀው?»

«አልተማረም። ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አንብቦ ነው።»

«እኔም ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ ነው። ታዲያ እኔን ማን በስልክ ይዞ ይዞራል?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በኋላ ብቻዬን ሳስበው የቆረቆረኝ ማሽን መሆኑ አልነበረም። እሱም እንደ እኔ አስተማሪ የሌለው፣ በማንበብ ብቻ የተነሣ መሆኑ ነው። እኔ ሃምሳ ዓመት የፈጀብኝን እሱ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀበት ልጠይቃት ፈልጌ ተውሁት። መልሱን መስማት አልፈለግሁም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ሰዎች ወደ እሷ ገብተው ጉዳያቸውን ለስልኩ ይናገራሉ፤ እሷ ትንሽ ታስተካክላለች፤ ወረቀቱ ከማተሚያው ትኩሱን ይወጣል። እኔ ዘንድ አንድ ቀን ይፈጅ የነበረው ማኪያቶ ጠጥተው ሳይጨርሱ ያልቃል። ደጄ ላይ ለባለጉዳዮች ያስቀመጥሁት አግዳሚ ወንበር ነበረኝ፤ ከባሕር ዛፍ ራሴ የሠራሁት ነው። አንድ ጠዋት ስመጣ ወንበሩ ደጄ ላይ የለም። ተሰላፊዎቹ አንሥተው ወደ እሷ በር ወስደውታል። በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው እሷን ይጠብቃሉ። አንዱ ሰውዬ እንዲያውም «አባት፣ ይቀመጡ፤ ተራ ይደርስዎታል» ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

ይህን ለሚስቴ ነገርኋት። ቤታችን ከኮተቤ በላይ፣ ወደ እንጦጦ ተራራ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ጎመን እየከተፈች ሰማችኝ።

«ቀንተሃል» አለች።

«ሰው በስልክ ይቀናል እንዴ?»

«አንተ ትቀናለህ። ጎረቤት ቴሌቪዥን የገዛ ጊዜ ሦስት ቀን እህል አልቀመስህም።»

ሐሰት ነው። ያልበላሁት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ቀናሁ እንግዲህ። ቅናት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ልንገረው፤ ጆሮ ያበዛል። በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል የእሷን ማተሚያ ድምፅ እቆጥር ነበር። ስድስት ገጽ፣ አራት ገጽ፣ ስምንት ገጽ። ማን እንደ ገባ በእግሩ ኮቴ አውቃለሁ። አንድ ሐሙስ ቀን የሰማሁት ኮቴ ግን ከሁሉም የባሰ ነበር።

የቀበናዋ ሴት ናት። ባሏን ከመቅበሯ በፊትም በኋላም የጽሑፍ ጉዳያቸውን ሁሉ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የይዞታ ካርታውን ማመልከቻ፣ የወራሽነቱን፣ ሁሉንም። ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ሳነብላት እንደ እሷ አጥርቶ የሚሰማ ሰው አላጋጠመኝም። ደጄን አልፋ ሄደችና በእኔ ወንበር ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ተራዋ ደርሶ ገባች። ከግድግዳው ወዲያ ለስልኩ ስትነግረው ሰማኋት።

ጉዳዩ ይህ ነው። ቤቷ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ከኋላዋ ወደ ቀበና ወንዝ የሚወርድ ገደል አለ። መውጫዋ አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ናት። ጎረቤቷ ያችን መተላለፊያ በቆርቆሮ አጠረባት። ወረዳ ሄዳ አመለከተች፤ ወረዳው ለጎረቤቱ እንዲያነሣ ደብዳቤ ጻፈ፤ እሱ አላነሣም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሌላ ጎረቤት ግቢ በልመና ነው የምትወጣው። እነሱ በራቸውን ቆልፈው ሲሄዱ እሷ ቤቷ ታስራ ትውላለች። አሁን ደግሞ ሰውዬው ቆርቆሮውን በግንብ ሊተካ ብሎኬት አራግፏል።

«ልጄ፣ ለዚህ ነገርዬ ይህን ጻፊለት» ስትል ሰማሁ። «እኔ ለመግባትና ለመውጣት ብቻ አይደለም። ስሞት ሬሳዬን በየት ሊያወጡት ነው?»

ብዙም ሳይቆይ ወጣች። ወደ ታክሲ የምትሄድ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ወረቀቱን ይዛ እኔ ክፍል ገባች።

«ጋሼ፣ ያንብቡልኝ።»

«የጻፈችልሽ ታንብብልሽ።»

«እሷማ ሰው በዝቶባታል። እዚህ ጋ ፈርሚ አለችኝ። እኔ እርስዎ ሳያነቡልኝ ፈርሜ አላውቅም። ምን ሆነዋል ዛሬ? አመመዎት?»

«ምንም አልሆንሁም። ተቀመጪ።»

አነበብሁላት። በድምፄ ምንም አላሳየሁም እንጂ ልቤ ቆስሎ ነው ያነበብሁት። ጽሑፉ ቆንጆ ነበር። የነገሩ ቅደም ተከተል የጠራ ነው፤ አንቀጾቹ ቦታ ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ቃል አያባክንም። «የከሳሽ ብቸኛ መውጫ በመሆኑ መዘጋቱ ቤቱን ራሱን እንደ መንጠቅ ይቆጠራል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት። እኔ ብጽፈው ኖሮ ሳምንቱን ሁሉ ስኮራበት የምከርም ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁለተኛው ለእሷ አልነበረም።

ሦስተኛው ገጽ ላይ «ተከሳሽ ይህን ሁከት የፈጠረው ክሱ ከመቅረቡ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን» ከሚለው ስደርስ ጉልበቴን መታችኝ።

«ኧረ የምን አሥር ዓመት?»

«እንዲህ ነው የሚለው።»

«ያኔማ ባለቤቴ በሕይወቱ ነበር! እሱ እያለ ማን ደፍሮ ነው ደጃችን ላይ ቆርቆሮ የሚተክለው? ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላውም።»

የወረዳውን ደብዳቤ ከቦርሳዋ አስወጥቼ ከወረቀቱ ጋር አስተያየሁት። ወዲያው ገባኝ። ታይፒስቷ ደብዳቤውን ለስልኩ በፎቶ ሰጥታዋለች፤ ስልኩ በደብዳቤው ላይ የተጻፈውን የእኛን ዓመት የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ቆጥሮታል። የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠር ስምንት ዓመት ያህል ይለያያል። ሁለት ዓመት ያልሞላው አጥር አሥር ዓመት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ ቀላል ስሕተት ይመስላል፤ አይደለም። ይዞታው የተነካበት ሰው ሁከት ይወገድልኝ ብሎ ለመክሰስ ሕጉ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሴትዮዋ አሥር ዓመት ሆኖኛል ብላ፣ እውነት ነው ብላ ፈርማ ብታስገባ፣ ተከሳሹ ሌላ መከራከሪያ አያስፈልገውም፤ የራሷን ወረቀት ያሳያል። በትክክለኛው ቁጥር ደግሞ ሁለት ዓመቷ ሊሞላ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር።

ያን ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም። ደስ አለኝ። መጀመሪያ ደስታው መጣ፤ ስለ ሴትዮዋ በር ያሰብሁት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ ማድረግ የነበረብኝ ነገር ወደ ጎረቤት ክፍል ገብቶ «ይህቺን መስመር አስተካክዪ» ማለት ነበር። እሱን አላደረግሁም። ወረቀቱን ከወረዳው ደብዳቤ ጋር አጥፌ ኪሴ ከተትሁና «ይህ አይረባም፤ እኔ እንደ ዱሮው እጽፍልሻለሁ። ለእሷም ምንም አትንገሪያት» አልኋት።

«ቀኑ አይደርስብንም?»

«በእኔ እጅ ሆኖ ቀን ያለፈበት ሰው አለ?»

እውነት ነው፤ የለም።

ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ቤቴ ተቀምጬ ጻፍሁ። ጉም ከተራራው ወርዶ ባሕር ዛፎቹን ሸፍኗቸው ነበር፤ ለጽሑፍ ጥሩ አየር ነው። ብዕሬ ግን እንደ ዱሮው አልታዘዝ አለኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር በጀመርሁ ቁጥር ያ የማሽኑ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ይመጣብኛል። ቤቱን ራሱን እንደ መንጠቅ ይቆጠራል። በሌላ ቃል ልለው ሞከርሁ፤ ሌላው ሁሉ አነሰብኝ። መጨረሻ ላይ እንዳለ ጻፍሁት። ሰባት ገጽ ሆነ። የእነሱ አምስት ነበር።

ሰኞ ለታይፒስቴ ላለመስጠት ብዬ መገናኛ ድረስ ሄጄ ለሌላ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሰጠሁት። ታይፒስቱ ገጹን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዞረው።

«ፋዘር፣ ይሄ አማርኛ ነው?»

«አንተ ማንበብ ካልቻልህ አማርኛው ምን ያድርግህ!»

እስከ ምሳ ሰዓት ታግሎ የሰጠኝ ወረቀት ላይ «መተላለፊያ» የሚለው ቃል አራት ቦታ ላይ አራት ዓይነት ሆኖ ተጽፏል። የእኔን እጅ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው በዚህ ከተማ አንድ ብቻ እንዳለ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ያውም እሷ ናት።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ታይፒስቷ ክፍል ገባሁ። አራት ቀን ቀርቶ ነበር። ሰባቱን ገጽ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥሁት። ምንም ሳትል መተየብ ጀመረች። ጣቶቿ የእኔን ፊደል ሲያውቁት ይታያል፤ አንድም ጊዜ ቀና ብላ አልጠየቀችኝም። አምስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አባባ፣ ይህ የቀበናዋ እማማ ጉዳይ መሆኑን ከመጀመሪያው ገጽ አውቄዋለሁ። ጽፌላት ነበር እኮ።»

«አይቼዋለሁ።»

«ቤቱን ራሱን እንደ መንጠቅ ይቆጠራል… ይህቺ የእኛ ናት።»

ማተሚያዋን መመልከት ጀመርሁ። እሷም ልታሳፍረኝ አልፈለገችም፤ ወደ መጨረሻው ገልብጣ አየች።

«የዕግዱ ጥያቄ የታለ?»

«የምን ዕግድ?»

«ክሱ እስኪያልቅ ግንቡን እንዳይሠራ ፍርድ ቤቱ ያግድልን የሚለው። ብሎኬት አራግፏል እኮ። እስከ ቀጠሮው ገንብቶ ይጨርሰዋል።»

ረስቼዋለሁ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ረስቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ረሳሁ። የማሽኑን ስሕተት በማሰብ ተጠምጄ የራሴን አላየሁም። «በኋላ ላስገባው ነበር» አልኋት። አላመነችኝም። ልክ ናት።

ከዚያ አጥፌ የያዝሁትን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ አሥር ዓመት የምትለዋን መስመር አሳየኋት፤ የወረዳውን ደብዳቤም ከጎኑ አስቀመጥሁ። ፊቷ ተለወጠ። ቀኖቹን በጣቷ እየተከተለች ሁለቱን አስተያየቻቸው።

«መቼ ነው ያዩት?»

«ሐሙስ።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ አባባ። ለምን ያኔውኑ አልነገሩኝም?»

«ሰው በዝቶብሽ ነበር።»

«እማማ በሯን ብታጣ ኖሮስ?»

ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ሴትዮዋን በስልክ ጠራናት። ከሰዓት በኋላ ሦስታችን በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጥን። ከታይፒስቷ አምስት ገጽና ከእኔ ሰባት ገጽ ስድስት ገጽ አወጣን። ዕግዱ ገባ፣ ዓመቱ ተስተካከለ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገርም በቦታዋ ቀረች። እኔ ጮክ ብዬ አነበብሁ። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። «ተከሳሽ መጥረቢያ ይዞ በማስፈራራት» ከሚለው ስደርስ ጉልበቴን መታችኝ።

«መጥረቢያ አልያዘም፣ ጋሼ።»

«አልያዘም?»

«ስልክ ነው የያዘው። እየጮኸ ያወራበት ነበር።»

ያቺ መጥረቢያ የማሽኑ አልነበረችም፤ የእኔ ናት። ክሱን ታጠነክራለች ብዬ ነው የጨመርኋት። ታይፒስቷ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ሴትዮዋም አብራ ሳቀች። መጥረቢያው ወጣ።

ረቡዕ አስገባን፤ ሦስት ቀን ሲቀር። ዕግዱ በዚያው ሳምንት ተሰጠ፤ ብሎኬቱ በተራገፈበት ቀረ። ክርክሩ ወራት ወሰደ። በመጨረሻ መተላለፊያው እንዲከፈት ተፈረደ፤ ሰውዬውም ቆርቆሮውን በራሱ እጅ ነቀለ። እኔ ሄጄ አይቻለሁ፤ ሰፊ አይደለም፤ አራት ሰው ተሸክሞ የሚያልፍበት ያህል ነው።

ሴትዮዋ ልታመሰግን መጣች። ታይፒስቷን ጉንጭና ጉንጯን ስማ «እጅሽ ይባረክ» አለቻት። ለእኔ «ጋሼ፣ እርስዎም ደክመዋል» አለችኝ። እርስዎም። ይህቺ «ም» እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

አሁን ታይፒስቷ ማንንም ሳታነብለት አታስፈርምም። ባለጉዳዩን ከአጠገቧ አስቀምጣ፣ ስልኩ የጻፈውን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ሰዉም ወዶታል። ከወንበሬ ላይ፣ በእሷ በር ተቀምጬ፣ አንዱ ባለጉዳይ ለሌላው «የዚህች ልጅ ሥርዓት ደስ ሲል» ሲለው ሰምቻለሁ። የዚህች ልጅ ሥርዓት! አቋርጬ የማን እንደሆነ ነገርኋቸው። አንገታቸውን ነቀነቁልኝ፤ እንዳላመኑኝ ግን ያስታውቃል።

ስለዚህ የሠራሁትን እዚህ ላይ ጽፌ አኖራለሁ።

ሕጉን በሙሉ በእጄ ገልብጬ ጨርሻለሁ።

በአራት ዓመት ትምህርት ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች አንቀጽ አርሜያለሁ።

አንድ ዳኛ ማን ጻፈው ብለው እንዲጠይቁ አድርጌያለሁ።

በእጄ ላይ ሆኖ ቀን ያለፈበት ባለጉዳይ የለም፤ የቀበናዋ ለጥቂት ነበር፣ ጥፋቱም የእኔ ነበር።

ሰው ያልሰማውን እንዳይፈርም አስተምሬያለሁ፤ ያስተማርኋትም ሴት ከእኔ በላይ ስም አግኝታበታለች።

ሁሉን ያነበበው ማሽን ያላያትን አንዲት መስመር አይቻለሁ።

የቀበናዋን ሴት መውጫ አስከፍቻለሁ፤ ብቻዬን ነው ማለት እፈልግ ነበር። ዕድሜዋን ያርዝመውና፣ ቀኑ ሲደርስ በገዛ በሯ ትወጣለች።